ከዶርዜ ከፍታ ላይ ውሃን ማየት፦ የባሕር ዳርቻ ፍቅር ምንጩ ምንድን ነው?

አገራችን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ የባሕር ዳርቻ ፍቅር ከሕዝባችን ልብ አልወጣም። ምጽዋን የሚያውቁ አረጋውያን ስለ እርሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ምጽዋን ያላየው ወጣት ደግሞ ሙሽራ ሲሆን ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አርባ ምንጭ መሄድን ይመኛል። ቋንቋችንም ለዚህ ምስክር ነው፤ ጣና ሐይቅ ሆኖ ሳለ በዳርቻው የተቆረቆረችው ከተማ «ባሕር ዳር» ተብላለች።

ለመሆኑ ሰው በሰፊ ውሃ ፊት ሲቆም ልቡ የሚመሰጠው ለምንድን ነው? ይህ ስሜት በተፈጥሮ የተሰጠን ነው ወይስ የተማርነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው ከውቅያኖስ ዳርቻ ሳይሆን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን ከምትገኘው ከዶርዜ ተነሥተን ነው።

ዶርዜን ለምን መረጥን?

ዶርዜ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ በጉጌ ተራሮች ላይ ትገኛለች። ሕዝቧ በሽመና ጥበቡ፣ በእንሰት እርሻውና የዝሆን ራስ በሚመስሉት የቀርከሃ ቤቶቹ የታወቀ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ወደዚያው ያወጣል። ከመንገዱ ወደ ታች ሲመለከቱ ሁለት ሐይቆች ይታያሉ። በሰሜን በኩል ያለው ቀላ ያለ ቡናማው አባያ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ በስፋት የሚስተካከለው የለም። በደቡብ በኩል ያለው ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋውን ቀጭን የብስ የአካባቢው ሰዎች «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። የባሕር ዳርቻ ውበት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ሰፊ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ነፋስና የተከፈተ እይታ፣ እዚህ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል።

ዓይን ምን ያያል?

በመጀመሪያ የአድማስን ነገር እንመልከት። ምድር ክብ በመሆኗ ዓይናችን ሊያየው የሚችለው ርቀት በቆምንበት ከፍታ ይወሰናል። ከፍታውን በሜትር ወስደን የካሬ ሥሩን በ3.57 ብናባዛው የአድማሱን ርቀት በኪሎ ሜትር በግርድፉ እናገኛለን። ዓይኑ ከውሃው ወለል በ1.6 ሜትር ከፍታ ላይ የሆነ፣ በውቅያኖስ ዳርቻ አሸዋ ላይ የቆመ ሰው፣ «ማለቂያ የለውም» የሚለው ውሃ ለእርሱ የሚያልቀው 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዶርዜ ግን ከአባያ ወለል በ1300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። የዚህ ቁጥር የካሬ ሥር 36 ያህል ስለሆነ አድማሱ ወደ 129 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሐይቁ ማዶ የአማሮ ተራሮች እይታውን ባይጋርዱት ኖሮ፣ የዶርዜ እረኛ ከውቅያኖስ ዳር ሰው ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ አርቆ ባየ ነበር።

ሰው እንዲህ ያለ እይታ ለምን ይወዳል? እንግሊዛዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጄይ አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንደ እርሱ አባባል፣ ሰው ሳይታይ ማየት የሚችልበትን ስፍራ ይወዳል፤ ከፊቱ የተዘረጋ እይታ፣ ከኋላው ደግሞ መጠለያ ይሻል። ሐሳቡ ዛሬም ክርክር አለበት። ቢሆንም የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ነገሩ በዓይኑ ይታየዋል፤ ከኋላ ጠባብ በር ያለው ሞቃት የቀርከሃ ቤትና የእንሰት ጥላ፣ ከፊት ደግሞ ሁለት ሐይቆች አሉ።

ገላ ምን ይሰማዋል?

ሁለተኛው ምክንያት ነፋሱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ለአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በቀን ፀሐይ የብሱ ቶሎ ሲግል ውሃው ይዘገያል። በየብሱ ላይ ያለው ሞቃት አየር ሲወጣ በውሃው ላይ የነበረው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ይነፍሳል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ አቅጣጫውን ይለውጣል። የምጽዋ ነዋሪ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀው የባሕር ነፋስና የአርባ ምንጭ ነዋሪ የሚደሰትበት የሐይቅ ነፋስ በአንድ ሕግ የሚመሩ ናቸው። ወደ ዶርዜ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ዶርዜ ከታችኛው ሜዳ በ8 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች።

ውሃ ዳር መኖር ከጤና ጋር ግንኙነት እንዳለውም የተጠና ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ2001ን የሕዝብ ቆጠራ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ለባሕር ጠረፍ ቀርበው የሚኖሩ ሰዎች «ጤናችን ጥሩ ነው» የማለታቸው መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም በድሃ አካባቢዎች ላይ ጎልቶ ታይቷል። እርግጥ ነው፣ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከፍርሃት ወደ ፍቅር

ነገሩ ሁሉ በተፈጥሮ ብቻ የሚገለጽ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው በየዘመኑ ውሃ ዳርን በወደደ ነበር። ታሪክ የሚነግረን ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር አላን ኮርባን እንዳሳየው፣ እስከ አሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ አብዛኛው አውሮፓዊ ባሕርን የሚያየው እንደ መርከብ ስብራትና እንደ ወረራ መንገድ ነበር። ሪቻርድ ራስል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1750 የባሕር ውሃ መድኃኒት ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የብራይተን የዓሣ አጥማጆች መንደር ወደ መዝናኛ ከተማነት መለወጥ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። የፍቅር ታሪኩ እንግዲህ ሦስት ምዕተ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ በጋሞም እናገኛለን። ደጋው ለዘመናት በሕዝብ ተጨናንቆ ሲኖር፣ ከሥሩ ያለው ውብ የሐይቅ ዳር ሜዳ በወባና በቆላ ከብት በሽታ ይፈራ ነበር። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም በደጋው በጨንቻ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው ወደ አርባ ምንጭ የወረደችው። በአባያ ደሴቶች ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ውሃው ጥንትም የፍቅር ምሳሌ አልነበረም፤ መንገዱና ማዕዱ ነው። ዛሬም ቢሆን በጫሞ ዳርቻ አዞና ጉማሬ ስላሉ እንደ ውቅያኖስ ዳር ዘሎ መዋኘት አይቻልም። ከዶርዜ ከፍታ ግን አዞውም ትንኙም ሙቀቱም አይታዩም፤ የሚታየው ውበቱ ብቻ ነው። የባሕር ዳርቻ ፍቅር የሚወለደው ውሃው ማስፈራቱን ሲያቆም ነው የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። ዓይንና ገላ ለስሜቱ መሠረቱን ይሰጡታል፤ ከስጋት መራቅ ደግሞ ያብበዋል።

ቀለሙ ምን ይነግረናል?

ይሁን እንጂ ርቀት የሚሰውረው ነገርም አለ። ከላይ ሆነን የምናደንቀው የአባያ ቀይ ቀለም ከምን መጣ?

ንጹሕ ውሃ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ይበልጥ ስለሚመጥና ሰማያዊውን ስለሚያስቀር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በአባያ ውሃ ውስጥ ግን ከደጋው የታጠበ ደቃቅ የሸክላ አፈር ተንሳፍፎ ይኖራል። ብላቴን፣ ጊዳቦን፣ ገላናንና ሐሬን የመሳሰሉ ወንዞች ከሰፊ ተፋሰስ ጠርገው ያመጡታል። ስፋቱ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ የሚሰጥመው በቀን 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የስፋቱ ግማሽ የሆነው ደግሞ አራት እጥፍ ይዘገያል። አባያ ለስፋቱ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በመሆኑ፣ ሊሰጥም የነበረውን ደለል ነፋሱ መልሶ ያማስለዋል። ገላችንን የሚያስደስተው ነፋስ የሐይቁን ቅላትም ይጠብቃል ማለት ነው።

ይህ ቀለም ዋጋ አለው። ብርሃን ወደ ውሃው ካልገባ ደቃቅ ዋቅላሚዎች እንደልብ አይራቡም፤ እነርሱ ካነሱ ቆሮሶውም፣ ቆሮሶውን የሚበላው ነጭ ዓሣም ያንሳል። ይበልጥ ጠራ ያለው ጫሞ በዓሣ ምርት ከአባያ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አፈር የገበሬ ማሳ ነበር፤ ወደ ላይ አይመለስም።

መፍትሔውም በደጋው ላይ የሚታይ ነው። እንሰት ዓመቱን ሙሉ መሬቱን በሰፊ ቅጠሉ ይሸፍናል፤ ዝናቡ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ያደርጋል። የጋሞ ገበሬ በድንጋይ የሠራው እርከን የጎርፉን ፍጥነት ይሰብራል። በባህል የተከበሩና የማይቆረጡ ጥንታዊ ደኖችም የምንጮቹ ጠባቂ ሆነው ኖረዋል። እነዚህ ሲጎድሉና ተዳፋቱ ራቁቱን ሲታረስ፣ የደጋው እህልና የቆላው ዓሣ አብረው ይጎዳሉ።

ስለዚህ ተማሪ የሆነ ሁሉ የሐይቅን ውበት ሲያደንቅ አንድ ጥያቄ እንዲጨምርበት እንመክራለን፤ ይህ ቀለም ከየት መጣ? ጥያቄው ደስታውን አይቀንሰውም። ውቅያኖስ ለሌላት አገር ሐይቆቿ ባሕሮቿ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የሚወሰነውም ከዳርቻቸው ይልቅ በተራሮቿ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው።