የታሪክ አስተማሪ ለመስከረም እንዴት ይሰናዳል?

መግቢያ

ነሐሴ ሲጋመስ ተማሪው ገና በዕረፍት ላይ ነው፤ የአስተማሪው ሥራ ግን ተጀምሯል። የዓመቱን ትምህርት በየሳምንቱ የሚያከፋፍለው፣ የጎደለውን መጽሐፍ የሚጠይቀው፣ የክፍሉን ተማሪ ብዛት የሚገምተው በዚህ ጊዜ ነው። በአሁኑ ዘመን ከዚህ በላይ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ አንደኛው ተማሪዎቹ ተቀምጠው ከመስማት ይልቅ በኅብረት እንዲሠሩ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተርንና ኢንተርኔትን የመሳሰለውን መሣሪያ በትምህርቱ ውስጥ ማግባት ነው። ሁለቱም በቃል ሲነገሩ የተወደዱ ናቸው። በክፍል ውስጥ ሲሠሩ ግን ብዙ ጊዜ ስማቸው ብቻ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ታሪክ የሚያስተምር ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች አስተባብሮ ለመሥራት ሲያስብ አስቀድሞ ምን መወሰን እንዳለበት በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ የኅብረት ሥራ የሚሳካው እያንዳንዱ ተማሪ ሌላው ያልያዘውን ነገር ሲይዝ ነው፤ መሣሪያውም የሚጠቅመው ተማሪዎቹ የሚመረምሩትን ማስረጃ ሲያቀርብላቸው እንጂ በእነርሱ ፈንታ ሲያስብላቸው አይደለም።

፩. የኅብረት ሥራ ስለ ምን ይከሽፋል?

በኅብረት መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ትልቁ ተማሪ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል። የቅኔ ተማሪም ብቻውን ሲቆጥር ይውልና በኋላ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ጓደኞቹም የእርሱን ሰምተው ይማራሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ መምጣቱ ነው። ባዶ እጁን የመጣ ወዲያው ይታወቃል።

በዘመናዊው ተማሪ ቤት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2000ዎቹ ዓመታት ‹‹አንድ ለአምስት›› የሚባለው አደረጃጀት በብዙ ተማሪ ቤቶች ተስፋፍቶ ነበር፤ ጐበዙ ተማሪ መሪ ሆኖ ሌሎቹን እንዲያግዝ ታስቦ ነው። አሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ለአምስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ከተሰጠ፣ መልሱን ቀድሞ የሚያገኘው ጐበዙ ስለሆነ እርሱ ይጽፋል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። እኔም በሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ስለ ዐድዋ ጦርነት በቀረበ የቡድን ሥራ ላይ ስሜ በሦስተኛ ተራ ተጽፎ ከ10 ማርክ 9 አግኝቻለሁ፤ ወረቀቱን ያነበብሁት ግን ከታረመ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ብቻውን ደከመ፤ እኔ ሳልደክም ማርክ ወሰድሁ፤ በታሪኩ ላይ ግን አንዳችንም ከሌላው ጋራ አልተከራከርንም። ጥፋቱ የእኔ ስንፍና መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሥራው ሲታቀድ ለስንፍናዬ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶልኝ ነበር።

፪. እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ የሚይዝበት ዘዴ

ይህን በር ለመዝጋት ከታሰቡት ዘዴዎች ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ አውራጃ በአውስቲን ከተማ የተጀመረው ነው። በዚያን ጊዜ ተለያይተው ይማሩ የነበሩ የነጭ፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ ስለ ተደረገ በመካከላቸው ጠብና ጥርጣሬ ነበር። ኤሊየት አሮንሰን የተባሉት የሥነ ልቡና ምሁር ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሆነው ሁኔታውን ሲመረምሩ፣ ልጆቹ ለአስተማሪው ጥያቄ ቀድሞ ለመመለስ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ መሆናቸውን አስተዋሉ። ስለዚህ ትምህርቱን በክፍልፋይ አድርገው ለእያንዳንዱ ልጅ አንዱን ቁራጭ ሰጡት። ቁራጮቹ ካልተገጣጠሙ ትምህርቱ ሙሉ አይሆንም። ዘዴው በእንግሊዝኛ ‹‹ጂግሶ›› ይባላል፤ ተቆራርጦ የተሠራ ሥዕልን መልሶ እንደ መገጣጠም ማለት ነው።

አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ቁራጭ የደረሳቸው ተማሪዎች ከየቡድናቸው ወጥተው በአንድነት ያጠኑታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወደ ቡድኑ ተመልሶ ያጠናውን ለጓደኞቹ ያስተምራል። ደካማው ተማሪ ብቻውን አይጋለጥም፤ አስቀድሞ ከመሰሎቹ ጋራ ተዘጋጅቷልና። ጐበዙም ሁሉን ብቻውን ሊሠራ አይችልም፤ የሌሎቹ ወረቀት በእጁ የለምና።

፫. መሣሪያው የራሱ ፈቃድ ሲኖረው

ስለ አዲስ መሣሪያ ስንነጋገር አገራችን ከዚህ በፊት ያየችውን መርሳት አይገባም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገብቶ ነበር፤ ሕዝቡ በቴሌቪዥኑ ስም ‹‹ፕላዝማ›› ብሎ ጠራው። ጥሩ አስተማሪ ላልደረሰበት ወረዳና ለአዲስ አበባ እኩል ትምህርት ማድረስ ታላቅ ዓላማ ነበር፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ የሌለው ተማሪም ሙከራውን በሥዕል አይቷል። ሆኖም ሥርጭቱ በእንግሊዝኛ ሲፈስስ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስለሚወስድም ለአስተማሪው የሚተርፈው የመክፈቻና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው መሣሪያው ክፉ ነው ማለትን አይደለም። ማቆም፣ መመለስና መጠየቅ የማይቻልበት መሣሪያ ግን ክፍሉን መልሶ ወደ ሰሚነት ይወስደዋል። ስለዚህ አስተማሪው በነሐሴ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ‹‹ምን መሣሪያ አለ?›› ብሎ አይደለም፤ ‹‹ተማሪዎቼ በምን ነገር ላይ እንዲከራከሩ እፈልጋለሁ?›› ብሎ ነው። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

፬. ምሳሌ፤ የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1889) በወሎ ውጫሌ ላይ በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት ወኪል በፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል ባለ 20 አንቀጽ ውል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፏል። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከኤሮፓ ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ አማካይነት መላላክ ‹‹ይቻላቸዋል›› ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቃል ግን በኢጣልያ መንግሥት ሊገለገሉ ተስማምተዋል ይላል። ኢጣልያም ይህን እንደ ግዴታ ተርጕማ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች።

ታሪኩ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በጥቂት መስመር ያልቃል፤ ተማሪውም በቃሉ ይይዘዋል። ለኅብረት ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ማስረጃው ራሱ በአምስት ይከፈላልና። የመጀመሪያው ወረቀት የአማርኛው አንቀጽ ነው። ሁለተኛው የኢጣልያንኛው አንቀጽ ነው። ሦስተኛው ኢጣልያ በጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. የበርሊንን ውል 34ኛ አንቀጽ ጠቅሳ ለኤሮፓ መንግሥታት ያስተላለፈችው ማስታወቂያ ነው። አራተኛው አፄ ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ሲያስታውቁ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያና ከጀርመን ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ዊልሔልም የመጣው መልስ ነው፤ መላላኩ በኢጣልያ በኩል እንዲሆን የሚያመለክት ነበር። አምስተኛው ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ሁለቱ ቃላት የማይስማሙ መሆናቸውን የገለጹበት ደብዳቤ ነው። የነገሩ ፍጻሜ የታወቀ ነው፤ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ተገኘ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውልም የውጫሌው ተሻረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም የአማርኛውን አንቀጽ በአማርኛ ካላነበቡት በቀር ትምህርቱ ትርጕም የለውም፤ ክርክሩ በአንድ የአማርኛ ግስ ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ የኢጣልያንኛውን ቃል የሚያነብ ተማሪ የለም። እነሆ፣ መሣሪያው እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው። ሁለተኛው ወረቀት የደረሳቸው ተማሪዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ‹‹ኮንሴንቴ›› የሚለውን ቃል በሁለት የኮምፒውተር መተርጐሚያና በአንድ መዝገበ ቃላት ይመረምሩታል። አንዱ ‹‹ይስማማል››፣ ሌላው ‹‹ይፈቅዳል›› ቢላቸው የትኛው ይታመናል? በ1881 ዓ.ም. በአስተርጓሚው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬ ማሽን ተቀምጧል፤ የሁለቱን ቃል ሳይመረምር የሚፈርም ሰው አደጋው አንድ ነው። ይህን ከአስተማሪው አፍ መስማትና በገዛ እጅ መርምሮ ማግኘት አንድ አይደለም።

፭. የጊዜውና የዕቃው አከፋፈል

60 ተማሪ ያለበትን ክፍል እናስብ። አምስት አምስት ሆነው 12 ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ወረቀት 12 አንባቢ ይኖረዋል፤ 12 ሰው ግን በአንድ ላይ ሊወያይ ስለማይችል ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ሆኖ ያጠናል። ይህ የመጀመሪያው የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው እያንዳንዱ ለ4 ደቂቃ ያስረዳል፤ ይህ 20 ደቂቃ ነው። በቀረው 20 ደቂቃ ‹‹ልዩነቱ የአስተርጓሚ ስሕተት ነው ወይስ የታሰበ ተንኰል? ቢያንስ ሁለት ማስረጃ ጥቀሱ›› የሚለውን ጥያቄ ይመክሩበታል። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂልዮ የተባሉት የታሪክ ምሁራን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዚሁ አንቀጽ ላይ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ይጽፋል። የሚጠየቀው ግን ራሱ ስለ ያዘው ወረቀት አይደለም፤ ጓደኛው ስላስተማረው ወረቀት ነው። በዚህም መልክ ያልሰማም ያላስረዳም ይታወቃል፤ በሦስተኛ ተራ ስሙን አስጽፎ 9 ማርክ የሚወስድ አይኖርም።

አምስቱም ወረቀቶች አስቀድመው በወረቀት ታትመው መገኘት አለባቸው፤ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አይቆምም። ከኢንተርኔት የሚፈለገው ሁሉ በነሐሴ ወርዶ በኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጥ። ተማሪ ቤቱ የእጅ ስልክ የሚከለክል ከሆነ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሮጀክተር ለክፍሉ ይበቃል። ከቡድኑ አንዱ ተማሪ ቢቀር ቁራጩ ስለሚጎድል ለዚህ የሚሆን ትርፍ ቅጂ በአስተማሪው እጅ መኖር አለበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያልተዘጋጀበት ሰው ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያጣበታል።

፮. ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንዱ ሰው ‹‹ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ማሽን የውጫሌን ታሪክ በግማሽ ደቂቃ ጽፎ ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?›› ይላል። በእርግጥ ይሰጣል፤ ትክክለኛም ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ተማሪው ስሕተቱን የሚያውቀው ግን አምስቱን ወረቀት ያነበበ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንዲያውም በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ አስተማሪው ማሽኑ የጻፈውን መልስ በፕሮጀክተር አሳይቶ ‹‹የትኛው ዐረፍተ ነገር ማስረጃ አለው? የትኛው የለውም?›› ብሎ ቢጠይቅ መልካም መደምደሚያ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ የፈተና ነው። ‹‹ለአንድ አንቀጽ ሦስት ክፍለ ጊዜ ከፈጀን መጽሐፉ መች ያልቃል?›› ይባላል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። አስተማሪው ዓመቱን ሁሉ እንዲህ ያስተምር አልልም፤ በአንድ መንፈቀ ዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ቢሆን ብዙ ነው፤ የቀረውን በተለመደው መንገድ ያስተምር። ነገር ግን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውስ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ የኅብረት ሥራ ብቻውን ያድነዋል ማለት አይቻልም። ቢሆንም መጽሐፉን መጨረስና ተማሪውን ማስተማር ሁልጊዜ አንድ ሥራ እንዳልሆነ ያሳየናል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለመስከረም የሚሰናዳ የታሪክ አስተማሪ ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ይጠቀማል፤ መጀመሪያ የሚያከራክር ጥያቄ፣ ቀጥሎ የሚከፋፈል ማስረጃ፣ ከዚያ የቡድን አቀማመጥ፣ በመጨረሻ መሣሪያ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መሣሪያው ጌጥ፣ ቡድኑም የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ከእኛ ከኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ እንጨብጣለን። አገራችን በአንድ ግስ ምክንያት ወደ ጦርነት የገባችበትን ታሪክ የምናስተምር ከሆነ፣ ከፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ቢያንስ ያንን ግስ በገዛ ዓይናቸው አንብበው ሊከራከሩበት ይገባቸዋል።