የማጭድን ስለት በወቅቱ መንከባከብ የድርቆሽ ጥራትን ለመጠበቅ ያግዛል

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነማይ ወረዳ በቢቸና እንዲሁም በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በሞጣ ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ አርሶ አደሩ ለበጋ የሚሆን ድርቆሽ የሚያዘጋጅበት ወቅት ይጀምራል።

ሣር ለድርቆሽ ሊታጨድ የሚገባው ማበብ ሲጀምር ነው። ጊዜው ካለፈ አገዳው ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ የፕሮቲን ይዘቱም ይቀንሳል። የጤፍና የሌሎች ሰብሎች አጨዳ ተከትሎ ስለሚደርስ የዶለዶመ ማጭድ የሚያባክነው ጊዜና ጉልበት ቀላል አይደለም። ስለቱ የጠፋ ማጭድ ሣሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፣ ከሥሩ ይነቅላል፣ የአጫጁንም እጅ ለጉዳት ያጋልጣል።

ማጭድ በሞረድ ሲሳል የቀድሞውን የስለት ተዳፋት ተከትሎ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ መሞረድ ይኖርበታል። በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ የሚሳል ከሆነ በየመሃሉ በውሃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል። ከአጨዳ በኋላ እርጥበቱን ጠርጎ ዘይት መቀባትም ዝገትን ይከላከላል።

ስለቱ የተሸረፈ ወይም የታጠፈ ማጭድ ግን የአንጥረኛ እጅ ይፈልጋል። አንጥረኛው ብረቱን በወናፍ በተራገበ የከሰል እሳት አግሎ በመቀጥቀጥ ቅርጹን ያስተካክላል፤ ከዚያም ስለቱን እንደገና አግሎ ውሃ ውስጥ በመንከር ያጠነክረዋል። ከመጠን በላይ የጠነከረ ብረት በቀላሉ ስለሚሰበር ጥቂት መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ለማጭድ ሥራ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ከተራ የግንባታ ብረት ይመረጣል፤ የካርቦን መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ሲነከር በሚገባ ይጠነክራል።

በትራክተር የሚሠራ የሣር ማጨጃም መርሁ ተመሳሳይ ነው። ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱት ቢላዋዎቹ ሲዶለዱሙ ይሳላሉ፣ የተሰበሩት በሌላ ይተካሉ፣ የላሉ ብሎኖችም ይጠብቃሉ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ቢከለክሉም አንጥረኝነትን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ለረጅም ጊዜ ዘልቋል። ይሁንና ያለ አንጥረኛ ማጭድም ማረሻም የለም። በመሆኑም የወረዳና የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ከአጨዳው ወቅት አስቀድሞ መሣሪያዎች እንዲፈተሹ ቢቀሰቅሱ፣ አርሶ አደሩንም ከአንጥረኞች ጋር ቢያገናኙ፣ የአጨዳው ጊዜ ሳያልፍ ጥራት ያለው ድርቆሽ መሰብሰብ ይቻላል። በበጋ በቂ መኖ ያገኘ በሬ ደግሞ ለቀጣዩ የእርሻ ወቅት አቅም ይኖረዋል።