በራስ ላይ የሚቀባ የፀጉር መድኃኒትና የጎንዮሽ ጉዳቱ

ሰው መድኃኒት በሚወስድበት ጊዜ መድኃኒቱ የታሰበለትን ሥራ ብቻ ሠርቶ አያበቃም። ከታሰበው ሥራ ጎን ለጎን ያልታሰበ ነገርም ሊያስከትል ይችላል። ይህ ያልታሰበ ውጤት የጎንዮሽ ጉዳት ይባላል። ብዙ ሰዎች የጎንዮሽ ጉዳት የሚያስከትሉት የሚዋጡና በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ብቻ ይመስሏቸዋል። «ይህማ ቅባት ነው፤ ምን ያደርጋል?» ሲሉም ይሰማሉ። ይህ አስተሳሰብ ግን ትክክል አይደለም። ቆዳ ለሰውነታችን አጥር ነው፤ ይሁን እንጂ ምንም የማያሳልፍ አጥር አይደለም። በላዩ ላይ ከተቀባው ነገር ጥቂቱ ዘልቆ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ለዚህም የፀጉርን መሳሳት ለመከላከል የሚቀባውን ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት በምሳሌነት እንመልከት።

ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ የተሠራው ለፀጉር አልነበረም። አፕጆን የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ድርጅት ያዘጋጀው የደም ሥሮችን በማስፋት ከፍተኛ የደም ግፊትን እንዲቀንስ ነበር። ክኒኑም እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ተፈቀደ። ነገር ግን ክኒኑን ከወሰዱት ሕሙማን ብዙዎቹ በፊታቸውና በክንዳቸው ላይ ፀጉር በዛባቸው። ለደም ግፊት ሕሙማን የጎንዮሽ ጉዳት የሆነው ነገር ፀጉሩ ለሳሳበት ሰው ተስፋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መድኃኒቱ በፈሳሽ መልክ ተዘጋጅቶ በራስ ቆዳ ላይ ተሞከረ። 2 በመቶ ሚኖክሲዲል ያለበት ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች፣ በ1991 ደግሞ ለሴቶች ተፈቀደ። እንግዲህ አንድን ውጤት ጥቅም ወይም ጉዳት የሚያሰኘው በተፈለገበት ቦታ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ መሆኑን ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

የሚቀባው ሚኖክሲዲል የሚያስከትላቸውን ነገሮች በሦስት ክፍል መድበን ልናያቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው የሚያስደነግጥ፣ ነገር ግን የሚያልፍ ነው። አንድ ሰው መድኃኒቱን መቀባት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው እንበል። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ በትራሱና በማበጠሪያው ላይ ከወትሮው የበዛ ፀጉር ያያል። በዚህ ጊዜ ወይ ተናዶ ብልቃጡን ይጥላል፤ ወይም ደግሞ «አንሶብኝ ይሆናል» ብሎ እጥፍ ይቀባል። ሁለቱም ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ያድጋል፤ ጥቂት ወራት ያርፋል፤ ከዚያም ይረግፍና በቦታው አዲስ ይበቅላል። ጤናማ ሰው እንኳ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፍበታል። ሚኖክሲዲል የዕረፍቱን ጊዜ ያሳጥራል። ከዚህም የተነሣ አዲሱ ፀጉር ሲነሣ ያረፈው አሮጌ ፀጉር ቶሎ ይወድቃል። ይህ መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቆማል፤ ካልቆመ ግን ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል በቆዳ ላይ የሚታይ ነው። ራስ ያሳክካል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ ይቀላል፤ እንደ ፎረፎርም ይቀረፋል። ብዙውን ጊዜ ለዚህ መነሻው ሚኖክሲዲሉ ራሱ ሳይሆን እርሱን ለማሟሟት የተጨመረው ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለው ፈሳሽ ነው። ስለሆነም ይህ ፈሳሽ በሌለበት በአረፋው ዓይነት መተካት ሊረዳ ይችላል። በተጨማሪም መድኃኒቱ ወደ ግንባርና ወደ ጉንጭ ከወረደ በዚያም ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ስለዚህ ተጠቃሚው ከቀባ በኋላ እጁን መታጠብ፣ ከመተኛቱም በፊት ራሱ እስኪደርቅ ድረስ መቆየት አለበት።

ሦስተኛው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በጤናማ ቆዳ ላይ ከተቀባው ሚኖክሲዲል ወደ ደም የሚገባው 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ቆዳው የቆሰለ ወይም የተቆጣ ከሆነ፣ ወይም መድኃኒቱ ከታዘዘው መጠን በላይ ከተቀባ፣ ወደ ደም የሚገባው ይጨምራል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ የቀድሞ ሥራውን ይሠራል፤ ይኸውም የደም ሥሮችን ያሰፋል። የልብ ትርታ መፍጠን፣ ራስ ማዞር፣ የደረት ሕመም፣ የእጅና የእግር እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ይለፍልኛል ብሎ መታገሥ የለበትም። መድኃኒቱን አቁሞ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ጉዳቱ በተጠቃሚው ላይ ብቻ እንደማይቆምም ልብ በሉ። መድኃኒቱን የተቀባ አባት ራሱ ሳይደርቅ ሕፃን ቢያቅፍ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ ቆዳ ይተላለፋል። በዚህ ዓይነት በሰውነታቸው ላይ ፀጉር የበዛባቸው ሕፃናት ተገኝተዋል። ሕፃን ልጅ ፈሳሹን ቢጠጣው ደግሞ ለሕይወቱ ያሰጋል። ለድመትም ቢሆን ጥቂቱ እንኳ መርዝ ነው።

እናንተም ምናልባት በፀጉራችሁ ምክንያት ተጨንቃችሁ ይህን መድኃኒት ለመሞከር ታስቡ ይሆናል። ሆኖም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ሚኖክሲዲል ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ፣ እንዲሁም ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አይመከርም። ከዚህም ሌላ የፀጉር መርገፍ መነሻው አንድ አይደለም። በተማሪዎች ዘንድ የሚታየው ቆረቆር የሚመጣው ከፈንገስ ነው፤ ሚኖክሲዲል ደግሞ ፈንገስ አይገድልም። ሹሩባ እጅግ ተጠብቆ በሚሠራበት ጊዜ የሚሳሳውም ፀጉር የሚሻለው ሥራው ሲላላ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት መነሻውን ማወቅ ይቀድማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ለሐኪም መናገር አያሳፍርም።

በአጠቃላይ የጎንዮሽ ጉዳትን ማወቅ መድኃኒትን ለመፍራት ሳይሆን በአግባቡ ለመጠቀም ይረዳል። የሚያልፈውን ከማያልፈው፣ የሚያሳክከውን ከሚያሰጋው ለይቶ ያወቀ ሰው በከንቱ አይደነግጥም፤ መደንገጥ በሚገባው ጊዜም አይዘናጋም።

መልመጃ

1. «ይህማ ቅባት ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚለው አባባል ስሕተት የሆነው ለምንድን ነው?
2. ብልቃጡን የጣለውና እጥፍ የቀባው ሰው ሁለቱም የተሳሳቱት ምን ባለማወቃቸው ነው?
3. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «ከዚህም የተነሣ» እና «ስለሆነም» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጡ። በእያንዳንዱ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ ጻፉ።
4. በቤታችሁ ያለ አንድ መድኃኒት በምን ዓይነት ጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት የሚያስረዳ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።