የድሮ ሮክ ኤንድ ሮል ምሽት፦ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት

«የሃምሳዎቹ ሮክ ኤንድ ሮል ምሽት» የሚል ማስታወቂያ በብዙ ከተሞች ይታያል። ጊታር የያዘ ወንድ፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከጎናቸው አንድ አሮጌ መኪና፤ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። ገብታችሁ የምታገኙት ግን የተለያየ ነው። አንዱ ጋ ሰው ተቀምጦ ባንድ ያዳምጣል። ሌላው ጋ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይጨፍራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ልጆች ከበር ይመለሳሉ። ገንዘባችሁም፣ የቤተሰባችሁ ምሽትም እንዳይባክን አራት ነገሮችን አስቀድማችሁ አጣሩ፦ ዘፈኑን፣ ጭፈራውን፣ ቦታውንና ታዳሚውን።

ዘፈኑ ምን ዓይነት ነው?

ሮክ ኤንድ ሮል የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። ሥሩ በዋናነት የጥቁሮች ሙዚቃ ነው፦ ብሉዝ፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር። ካንትሪ የሚባለው የገጠር ዘፈንም ተጨመረበት። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ገና በ1940ዎቹ መዝሙርን በኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወት ነበር። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1954 ሜምፊስ ውስጥ ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ላይ የአርተር ክሩዳፕን ዘፈን ዘፈነ። ክሩዳፕ ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ነበር። ቸክ ቤሪና ሊትል ሪቻርድ ደግሞ በ1955 ዝነኛ ሆኑ።

ስለዚህ የማስታወቂያውን ቃላት በደንብ አንብቡ። «ሮካቢሊ» ካለ ካንትሪው ያመዝናል፤ ጊታርና ቆመው የሚጫወቱት ትልቅ ቤዝ ይሰማል። «ጃምፕ ብሉዝ» ካለ ሳክስፎንና ፒያኖ ይበዛል። «ትሪቢዩት» ካለ ብዙ ጊዜ አንድ ዘፋኝ ኤልቪስን ወይም ሌላ ዝነኛ ሰው መስሎ የሚጫወትበት መድረክ ነው፤ የመጨፈሪያ ቦታ ላይኖረው ይችላል። የባንዱን ስም ፈልጋችሁ ሁለት ሦስት ዘፈን አድምጡ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅባችሁም።

ጭፈራው የትኛው ነው?

እኔ በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ፍለጋ ላይ ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ግማሽ ሥራ እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። «ሮክ ኤንድ ሮል» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ሁሉም ነገር ይመጣል። የጭፈራውን ስም ከከተማችሁ ስም ጋር ፈልጉ።

ስሙ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ «ሊንዲ ሆፕ» ወይም «ስዊንግ» በሉ። ሊንዲ ሆፕን የፈጠሩት በ1920ዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርክ ሃርለም ጥቁር ወጣቶች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ «ጃይቭ» ይባላል። ስዊድን ውስጥ «ቡግ» እና «ቡጊ ዉጊ» አሉ። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን ተጠንቀቁ፤ «የሮክ ኤንድ ሮል ክለብ» ሰው ወደ ላይ የሚወረወርበት የስፖርት ውድድር ክለብ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከጭፈራው በፊት ትምህርት የሚሰጥበትን ምሽት ምረጡ። ብዙ ክለቦች ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያስተምራሉ፤ ብዙ ጊዜም ክፍያው በመግቢያው ውስጥ ይካተታል። ጥንድ ሆናችሁ መሄድ የለባችሁም፤ በትምህርቱ ላይ ተማሪዎች ይቀያየራሉ።

ቦታው ለማን ይስማማል?

በመጀመሪያ ዕድሜ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ የሚሸጡ ብዙ ቤቶች ከ21 ዓመት በታች አያስገቡም። የማኅበር አዳራሾች ግን ብዙ ጊዜ ልጆችንም አያቶችንም ይቀበላሉ። ቀጥሎ ወለሉን ጠይቁ። የእንጨት ወለል ለጉልበት ይሻላል፤ ሲሚንቶ ያደክማል። መቀመጫ መኖሩንም እወቁ። ትንንሽ ልጆች ካሉ የጆሮ መከላከያ ያዙ።

ትልልቅ ፌስቲቫሎችም አሉ። በጣሊያን የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ሴኒጋሊያ ከተማ፣ «ሰመር ጃምቦሪ» ከ2000 ጀምሮ በበጋ ይካሄዳል። በላስ ቬጋስ የሚደረገው «ቪቫ ላስ ቬጋስ» በ1998 የተጀመረ ሲሆን የአሮጌ መኪናዎች ትርዒትም አለው። ይሁን እንጂ ለአውሮፕላንና ለሆቴል ከመክፈላችሁ በፊት በሰፈራችሁ ሁለት ሦስት ምሽት ሞክሩት።

እነማን ይመጣሉ?

ይህ ለእኛ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በአንዳንድ የሮካቢሊ ስብሰባዎች የኮንፌዴሬት ባንዲራ ታይቷል፤ ባርነትን ለማቆየት የተዋጉት የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ነው። ይህን ሙዚቃ ከፈጠሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ሆነው ሳለ ጥቁር ቤተሰብ በዚያ መድረክ እንግዳ ሆኖ መሸማቀቅ የለበትም። ያለፈውን ዓመት ፎቶዎች ተመልከቱ። የተለያየ ቀለምና ዕድሜ ያለው ሰው ይታያል? የሥነ ምግባር ደንብ ጽፈዋል? ካልገባችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉና ጠይቁ፤ መልሳቸው ብዙ ይነግራችኋል።

ለልጆቻችንም አንድ ነገር እንንገራቸው። እዚያ የማያውቁት ሰው «እንጨፍር?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለትም እንዲሁ የተለመደ ነው። ምክንያት መስጠት አያስፈልግም።

አባትና እናትንም ጋብዙ

ወላጆቻችሁ «ይህ የፈረንጅ ጭፈራ ነው» ካሉ ስለ ዓለማየሁ እሸቴ ጠይቋቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈነው ዓለማየሁ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ይባል ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስም ሸክላዎች አሳትሟል።

ስታወሩ ግን ዘመኑን አትሳቱ። እዚህ የጻፍኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባታችሁ «የስልሳዎቹ ዘፈን» ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከ1967 እስከ 1977 ገደማ ማለታቸው ነው። በማስታወቂያው ላይ ያለው «ስልሳዎቹ» ሌላ ነው።

ስለዚህ ከምሽቱ በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ዘፈን ክፈቱ፦ አንድ የሊትል ሪቻርድ፣ አንድ የዓለማየሁ። እግራቸው መሬቱን መምታት ከጀመረ ለእነሱም ቲኬት ግዙ።