የተበላሸ ዲዛይን የሚታደልበት ኮርስ

ለአምስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪዎች አዲስ የምርጫ ኮርስ እያዘጋጀሁ እንደሆነ ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው «ቬሪፊኬሽን ማለት ያው ሰርክቱን ሲሙሌት ማድረግ አይደል እንዴ? ለዚህ ሙሉ ሴሚስተር ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ በአደባባይ ልመልሰው። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

በዲጂታል ዲዛይን ላብ የለመድነው አሠራር ይታወቃል። ተማሪው ቆጣሪ ወይም አነስተኛ ፕሮሰሰር በቬሪሎግ ይጽፋል፣ ሦስት አራት ግብዓት ይሰጠዋል፣ ዌቭፎርሙን ያያል፣ ትክክል ሲመስለው አስተማሪውን ይጠራል። አስተማሪው ስክሪኑን ገረፍ አድርጎ አይቶ ይፈርማል። ዲዛይኑን የሠራውም፣ ፈተናውን ያወጣውም፣ ያረመውም ያው አንድ ሰው ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ የገዛ ሥራውን የሚጥል ፈተና የሚያወጣ ሰው ብዙ አላየሁም። ሶፍትዌር ላይ ስህተት ቢገኝ ነገ አፕዴት ይለቀቅለታል። ሲሊኮን ላይ የታተመ ስህተት ግን ብዙውን ጊዜ ማስኩን እንደገና ያሠራል፤ ገንዘቡም ወራቱም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው በትልልቅ የቺፕ ፕሮጀክቶች ላይ ከዲዛይነሩ ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ የሰው ኃይል ዲዛይኑን ለመፈተን ብቻ የሚመደበው። (ከፋብሪካ የወጣው እያንዳንዱ ቺፕ ያለ እንከን መመረቱን የሚያጣራው ፍተሻ ሌላ ሙያ ነው። እኔ የማወራው ገና ምንም ሳይመረት፣ ዲዛይኑ የታሰበለትን መሥራቱን ስለማረጋገጥ ነው።)

የመጀመሪያው ሳምንት የኢንቴሉ ፕሮሰሰር የፔንቲየም ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሂሳብ መምህር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ በመንትያ ፕራይም ቁጥሮች ላይ ስሌት ሲሠሩ የማይገጥም ውጤት አገኙ። ሌላውን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ካጣሩ በኋላ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ የማካፈያ ክፍል እንደሆነ ደረሱበት። ኢንቴል መጀመሪያ ጉዳዩን ቢያቃልለውም በታኅሣሥ ወር ለጠየቀው ሁሉ ቺፑን ሊቀይር ተስማማ፤ በጥር 1995 ደግሞ ነገሩ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንዳስከተለበት አስታወቀ።

ገንዘቡ ተማሪን ያስደንቃል፤ ለእኔ ግን የሚጠቅመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 4195835 ለ3145727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው ስህተት ያለበት ፔንቲየም 1.33374 ይል ነበር። ምክንያቱም ማካፈያው በየደረጃው የሚያመሳክረው ሰንጠረዥ ውስጥ 2 መሆን ሲገባቸው 0 ሆነው የቀሩ ቦታዎች ነበሩ፤ ስህተቱን የሚያመጡት 5ቱ ናቸው። ወደነዚያ ቦታዎች የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። በኢንቴል ስሌት መሠረት በዘፈቀደ ከተመረጡ 9 ቢሊዮን ጥንድ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ነው የሚሳሳተው። አሁን ተማሪው ካልኩሌተሩን ያውጣ። በሲሙሌሽን በሴኮንድ 1,000 ማካፈል ቢፈትን፣ አንዷን ለማግኘት በአማካይ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ያለማቋረጥ ማስኬድ አለበት። «ቴስት እንጨምር» የሚለው የመጀመሪያ መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ጥያቄዬን አስከትላለሁ፦ ይህን ስህተት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚይዘው ፈተና ምን ዓይነት ነው? ትንሽ ካሰቡ ይደርሱበታል። ማካፈያው ሰንጠረዥ እንዳለው ካወቅህ የምትቆጥረው የቴስት ብዛት ሳይሆን ከሰንጠረዡ ስንቱ ቦታ እንደተነካ ነው። ወይም ማካፈሉን ትተህ ሰንጠረዡን ብቻ ከቀመሩ ጋር ታመሳክራለህ። ካቨሬጅ የሚባለውን ነገር ትርጉሙን አስፍሬ ሳልጽፍ በዚህ መንገድ ማስገባት ነው የምፈልገው።

ወደ መሣሪያ ስንመጣ ጭቅጭቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኢንዱስትሪው ቋንቋ ዩቪኤም ነው፤ በሲስተምቬሪሎግ የተጻፈ ትልቅ የክላስ ላይብረሪ። በዩቪኤም አልጀምርም ስል «ታዲያ ተማሪው ሥራ በምን ያገኛል?» ብለው የተቆጡኝ አሉ። አቋሜ ይኸውና። በዩቪኤም የተጀመረ ኮርስ ሴሚስተሩ እስኪጋመስ ፋክተሪ፣ ፌዝ፣ ሲኩዌንሰር እያለ ይከርማል፤ ተማሪው አንድም ባግ ሳያገኝ መቶ ፋይል ይኖረዋል። ስለዚህ የምንጀምረው በፓይተን ነው። ኮኮቲቢ የሚባለው ላይብረሪ ቴስትቤንቹን በፓይተን ያስጽፋል፣ ከስር ኢካሩስ ወይም ቬሪሌተር ዲዛይኑን ያስኬዳል፣ ዌቭፎርሙ በጂቲኬዌቭ ይታያል። ሁሉም ነጻ ነው፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት በሄደ ቁጥር ከሰርቨር ላይሰንስ ጋር ለሚታገል ላብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ወደ ዩቪኤም እንሻገራለን፤ ያኔ ስኮርቦርድ (የወጣውን ከሚጠበቀው ጋር የሚያነጻጽረው ክፍል) ለምን እንደሚያስፈልግ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ በፓይተን ጽፈውታላ።

ዋናው የኮርሱ አካል ፊፎ ነው። አዎ፣ ያ ተራ የወረፋ ሚሞሪ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት። 16 ቦታ ያለው፣ 32 ቢት ዳታ የሚይዝ። የአንድ ገጽ ስፔክ እሰጣለሁ፣ ስፔኩ ደግሞ ሆን ተብሎ ጎደሎ ነው። «ፊፎው ሲሞላ መጻፍ አይቻልም» ይላል። ሞልቶ ሳለ በአንድ ክሎክ ላይ መጻፍም ማንበብም ቢመጣስ? አንዱ ስለሚወጣ አዲሱ ይገባል ወይስ ይጣላል? ባዶ ሳለ ሁለቱ አብረው ቢመጡስ? ሪሴት በንባብ መሃል ቢመታስ? ስፔኩ ዝም ብሏል። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ኮድ የለውም፤ ጥያቄ ዘርዝሮ ማምጣት ነው። ውጤቱም በጥያቄዎቹ ጥራት ይለካል። ተማሪዎቻችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መልስ ሲሰጡ እንጂ ሲጠይቁ ነጥብ አግኝተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ። ስፔክ አንብቦ «እዚህ ጋ ምንም አልተባለም» የሚል ዓይን ግን ከየትኛውም ቋንቋ ይልቅ የዚህ ሙያ መሠረት ይመስለኛል።

ከዚያ ማረም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው። የዲዛይን ላብ ቀላል ነው፦ ሠራ ወይስ አልሠራም? የቬሪፊኬሽን ተማሪን ግን በምን ታርመዋለህ? ቴስትቤንቹ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ባግ የማይዝ ከሆነ ግን ዋጋ የለውም። መፍትሔው ባጎቹን ራሴ መትከል ሆነ። ከአንዱ ትክክለኛ ፊፎ ሃያ ያህል የተቀየሩ ቅጂዎች አሉ፤ ተማሪው አያያቸውም። ቴስትቤንቹን ያስረክባል፣ ስክሪፕቱ ከሁሉም ጋር ያስኬደዋል፣ ስንቱን እንደያዘ ይነግረዋል። የትኛውን እንደሳተ ግን አይነግረውም።

ባግ መትከል ጥበብ ይፈልጋል። «ሞልቷል» የሚለው ምልክት አንድ ክሎክ የሚዘገይበት አለ፤ ይህን ሁሉም ይይዘዋል። ጠቋሚው ከ15 ወደ 0 ሲዞር የሚሳሳተው ሁለተኛ ዙር ድረስ ላልጻፈ ሰው አይታይም። ሪሴት ቆጣሪውን መልሶ ጠቋሚውን የሚረሳበት ደግሞ ሪሴትን መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ የሚነካ ቴስትቤንች ያልፈዋል፤ አብዛኛውም እንዲያ ነው የሚያደርገው። ከ65,536 ጽሕፈት በኋላ ብቻ የሚበላሽ አለ፤ ይህ ለትዕግሥት ነው። ከቅጂዎቹ መካከል ሁለቱ ደግሞ ምንም ስህተት የለባቸውም፤ አጻጻፋቸው ብቻ ተቀይሯል። ደህናውን ዲዛይን «ተበላሽቷል» ያለ ቴስትቤንች ነጥብ ይቀነስበታል። በሥራ ዓለም የሐሰት ጩኸት የሚያበዛ ኢንጂነር ሦስተኛው ላይ የሚሰማው አያገኝም።

አንዱን ባግ ግን በዘፈቀደ ፈተና የሚይዘው ተማሪ አልጠብቅም። ዳታው አንድ የተወሰነ ባለ 32 ቢት ቁጥር ሲሆን ብቻ ይበላሻል፤ ከ4,294,967,296 ዕድል አንዱ ማለት ነው። ተማሪው ካቨሬጁን ሞልቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ አስኪዶ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ያድራል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሲምቢዮሲስ የተባለውን ነጻ የፎርማል መሣሪያ እናነሳለን። «የገባው ዳታ ሳይለወጥ ይወጣል» የሚለውን ሕግ እንደ አሰርሽን እንጽፍለታለን፤ እሱ ቁጥሮችን አይሞክርም፣ ሕጉን የሚጥስ ግብዓት መኖሩን በሎጂክ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ዲዛይን ያንን ቁጥር አውጥቶ ማሳየት ከባድ አይደለም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የፔንቲየሙ ጉድ ገና ትኩስ ሳለ፣ የኬ5 ፕሮሰሰሩ የማካፈያ ስልት ትክክል መሆኑን ኤሲኤል2 በተባለ መሣሪያ በሂሳብ ያስረጋገጠው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ፎርማል ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም፤ ዲዛይኑ ሲገዝፍ እሱም ይታነቃል። ያንንም እናየዋለን፣ ቸኩለን ግን አይደለም።

ስለ ካቨሬጅ አንድ ወጥመድ አለችኝ፣ እዚህ ስጽፋት የዘንድሮ ተማሪዎቼ እንደማያነቧት ተስፋ በማድረግ ነው። ካቨሬጁ መቶ በመቶ የሆነ፣ ሁሉም ቴስት ያለፈለት ቴስትቤንች እሰጣቸውና «ትፈርማላችሁ?» እላለሁ። ስኮርቦርዱ ውስጥ ግን የወጣውን ከሚጠበቀው ጋር የምታነጻጽረው መስመር ኮሜንት ተደርጋለች። ዲዛይኑ ሁሉም ቦታ ተረግጧል፣ ማንም ግን መልሱን አላየም። ካቨሬጅ የት እንደደረስክ ይነግርሃል እንጂ እዚያ ደርሰህ ምን እንዳየህ አይነግርህም።

ቴክኒካል ያልሆነ ግን የሚያሳስበኝ ነገር ይሉኝታ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የየራሳቸውን ዲዛይን ይቀያየራሉ፤ የአንዱን ሌላው ይፈትናል። የሚጠበቀውን መልስ የሚያሰላው የማጣቀሻ ሞዴል ከስፔኩ ብቻ ይጻፋል፤ የጓደኛን ኮድ እያዩ መጻፍ ክልክል ነው፤ አለዚያ ስህተቱንም አብሮ ይቀዳዋል። ችግሩ ግን «ጓደኛዬን ላስወድቀው ነው» የሚለው ስሜት ነው። ባጉን በሹክሹክታ ነግሮት፣ አስተካክሎለት፣ ሪፖርት ሳይጻፍ ያልፋል። ስለዚህ ውጤቱን እንዲህ ደለደልኩት፦ የተገኘ ባግ ለፈታኙ ነጥብ ያስገኛል፣ በሪፖርት ተገኝቶ የታረመ ባግ ከዲዛይነሩ ላይ አንድም ነጥብ አይቀንስም። ዲዛይነሩ የሚቀጣው እስከ መጨረሻው ተደብቆ በቀረው ብቻ ነው። ያኔ ባግ የሚያገኝልህ ሰው ባለውለታህ ይሆናል። ሪፖርቱም «አይሠራም» ሊል አይችልም። የትኛው የስፔክ ዓረፍተ ነገር እንደተጣሰ፣ በስንተኛው ክሎክ፣ በየትኛው የራንደም ሲድ፣ ምን ተጠብቆ ምን እንደወጣ ይጻፋል። ሲዱ ከሌለ ዲዛይነሩ ችግሩን መልሶ ሊያየው ስለማይችል ሪፖርቱ ይመለሳል።

የመጨረሻው ፈተና በወረቀት አይደለም። ተማሪው ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፣ አይቶት የማያውቀው ትንሽ ዲዛይን ከአንድ ገጽ ስፔክ ጋር ይደርሰዋል፣ ዋይፋይ ይጠፋል፣ ሦስት ሰዓት ይሰጠዋል። የሚያስረክበው ቴስትቤንቹን፣ የባግ ሪፖርቶቹን እና «ይህን ይህን አልፈተንኩም» የሚል አንድ አንቀጽ ነው። ለአንቀጹ ከመቶ 20 ይዤለታለሁ፤ በዛ የሚል ካለ እንከራከር።

አሁን የጎደለኝ የባግ ክምችት ነው። በእኔ ጭንቅላት የተተከሉ ባጎች እኔን ነው የሚመስሉት፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ተማሪው የእኔን አመል ያጠናና ዲዛይኑን ትቶ እኔን መገመት ይጀምራል። እዚህ ቻናል ላይ በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስራኤልም ቺፕ ቤቶች የምትሠሩ አላችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ምስጢር አልፈልግም፤ ኮድም፣ ስምም አትላኩ። «አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ብሎክ ነበረ፣ እንዲህ ሲሆን ብቻ ይበላሽ ነበር፣ እስኪገኝ ድረስ ያመለጠንም በዚህ ምክንያት ነው» የሚሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይበቁኛል። አርቢተርና ክሎክ ማቋረጫ ላይ ያሉ ካሏችሁ ቅድሚያ እሰጣቸዋለሁ፤ በዚያ በኩል ያለኝ ስስ ነው።