የሁለት ሞተር ብስክሌት ኢንሹራንስ

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ ወይም ወደ ዳባት ዳገት ሲወጣ፥ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሞተር ብስክሌት ሊነዳ አይቻለውም። ታዲያ ሁለት ያለው ስለ ምን ሁለት የኢንሹራንስ ዋጋ ይጠየቃል?

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን ዋስትናን የጠየቀው ለየተሽከርካሪው ነው። ይህም ለተጎጂው ታስቦ ነው፤ አንዱን እርስዎ ሲነዱ ሌላውን ልጅዎ ሊነዳው ይችላልና፥ የተገጨው እግረኛ የነጂው ኪስ ባዶ ቢሆንም ካሣ እንዳያጣ ነው።

በእንግሊዝ አገር ግን የአንድ ሰው ሞተር ብስክሌቶች በአንድ ውል ሊጠቃለሉ ይችላሉ፤ ነጂው አንድ ከሆነም የሁለተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል። ለስርቆትና ለራስ ንብረት ጉዳት በሚደረገው ውል የእኛም ኩባንያዎች ይህን ቢያስቡበት አግባብ ይመስለኛል።

እስከዚያው ግን ዋስትናው ያልታደሰ ሞተር ለዘመድ ስንኳ አይዋስ፤ አዋጁ የነዳውን ብቻ ሳይሆን ያስነዳውንም ይጠይቃልና።