መሬትና ትውልድ፦ ከጉና ግርጌ የሚነሣ የፍትሐዊነት ጥያቄ



በትውልዶች መካከል ሊኖር ስለሚገባው ፍትሐዊነት ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የበለጸጉት አገሮች የጡረታ ክርክር ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከገበሬው ማሳ ላይ ላነሣው እወዳለሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለቱ መብቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡም የሁለት ትውልዶች ናቸው፤ አለመነቀል መሬት ለያዘው፣ ማግኘት ላልያዘው። በአማራ ክልል ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል በኋላ ሚዛኑ ወደ ያዘው አዘነበለ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133 ከቀበሌው ባለይዞታዎች 80 በመቶው ካልጠየቁ ድልድል እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። የሚጠየቀው እንግዲህ ባለይዞታው ነበር፤ በድልድሉ ዘመን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረው ልጅ ድምፅ አልነበረውም።

ታዲያ አዛውንቱን ስስታም እንበላቸውን? አይገባም። መሬቱ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ እርከን አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም፤ ዋስትናው ያስፈልግ ነበር። ደግሞም የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ አለው፤ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኛውም አገኘ። የአዛውንቱ ገበሬ ጡረታ ግን ያው መሬታቸው ነው። ከወዲሁ ለልጃቸው ቢለቁ በምን ይጦራሉ?

መሬት ያጣው ወጣት ወይ ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ወይም ተራራውን ሽቅብ ያርሳል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ተዳፋቱ በታረሰ ቁጥር ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ በእነዚሁ ወንዞች ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። በአባትና በልጅ መካከል ያልተፈታው ጉዳይ በዚህ መንገድ ገና ላልተወለደው የልጅ ልጅ ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ የመሬት ፖሊሲና የማኅበራዊ ዋስትና ፖሊሲ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም እላለሁ። ለአረጋዊ ገበሬ መጠነኛ ቋሚ ድጎማ ቢታሰብ አባት ሳይሰጋ በጊዜው ይለቃል፤ ልጅም የአባቱን ሞት ሳይጠብቅ ያርሳል። ወጪው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬም ግን እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት ወጣቱና ተራራው ናቸው።